የሚያንጠባጥበው ቧንቧ የማን ኃላፊነት ነው?

በዛሬው የጤና ዓምዳችን ወደ ሕክምና ተቋም ከመሄዳችን በፊት ወደ ጓዳችን፣ ወደ መጸዳጃ ቤታችንና ጣሪያ ላይ ወደ ተቀመጠው ሮቶ መለስ ብለን እንድናይ ልንጋብዛችሁ ወደድን። በተለይ በኪራይ ቤት የምትኖሩ፣ እንዲሁም ቤታችሁን ለሌላ ሰው ያከራያችሁ፣ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ብታነቡት ትጠቀሙበታላችሁ።

አምስት አባወራዎች በኪራይ የሚኖሩበት አንድ ግቢ አለ። ቆጣሪው አንድ ነው፤ የጓሮ ቧንቧውም አንድ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም በጀሪካንና በበርሜል ያጠራቅማል። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለው መሬት በበጋም ቢሆን አይደርቅም። ሁሉም ያየዋል፤ ማንም አይነካውም። ተከራዮቹ «ቤቱ የባለቤቷ ነው፤ እሳቸው ያሠሩት» ይላሉ። አከራይዋ በበኩላቸው «ውሃውን የምትጠቀሙት እናንተ፤ የምታበላሹትም እናንተ» ብለው ይመልሳሉ። የውሃ ሂሳቡ በየወሩ እያሻቀበ ሲመጣ ጭቅጭቁ ባሰ። በመካከሉ የአንደኛዋ ተከራይ የሁለት ዓመት ልጅ ተቅማጥ ያዘው። መድኃኒት ወሰደ፤ ተሻለው። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰበት። ለሦስተኛ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ነርሷ ስለ ምግቡ ከጠየቀች በኋላ፣ «እህቴ፣ የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው? በምን ታጠራቅሙታላችሁ? ቧንቧው የሚያፈስበት ቦታ አለ?» ስትል ጠየቀቻት። እናትየዋ ያ እርጥብ መሬት ትዝ አላት።

ቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ መሬቱ ሲቆፈር፣ የዛገው የብረት ቧንቧ ከመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ለወራት «የእኔ አይደለም» ሲባባሉበት የቆዩት ብልሽት ጥገናው የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር በብዙዎቻችን ግቢ ውስጥ አለ። ስለዚህ በቅድሚያ የተበላሸ ቧንቧ እንዴት ሰው እንደሚያሳምም፣ ቀጥሎም ጥገናው የማን እንደሆነ፣ በመጨረሻም ውሃን ጤናችንን ሳንጎዳ እንዴት መቆጠብ እንደምንችል እንመልከት።

ብልሽቱ እንዴት በሽታ ይሆናል?

ብዙ ሰው «ውሃው ወደ ውጭ ይፈስሳል እንጂ ቆሻሻ ወደ ውስጥ እንዴት ይገባል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ውሃው በኃይል እየመጣ ባለበት ሰዓት ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ በስንጥቁ በኩል የሚወጣው ውሃ ነው። ፈረቃው አልቆ ውሃው ሲቋረጥ ግን የቧንቧው ውስጥ ባዶ ይሆናል። ቁልቁል የሚወርደው የተረፈ ውሃ ከኋላው አየር ይስባል። በዚያች ሰዓት ስንጥቁ ዙሪያ ያለው እርጥብ አፈርና የፍሳሽ ቆሻሻ ወደ ቧንቧው ይሳባል። በማግሥቱ ውሃ ሲመጣ በመጀመሪያ ጀሪካናችን ውስጥ የሚገባው ይኸው ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ተጣርቶና በክሎሪን ታክሞ የመጣ ውሃ በግቢያችን ውስጥ ሊበከል የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ መልኩ ከሚተላለፉት በሽታዎች መካከል ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ በቫይረስ የሚመጣ የጉበት ብግነት፣ እንዲሁም በወረርሽኝ ጊዜ ኮሌራ ይገኙበታል። አዋቂ ሰው በሆድ ቁርጠት ሊያልፈው የሚችለው ብክለት ሕፃን ልጅን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፈሳሽ አሳጥቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ሁለተኛው የአደጋ ምንጭ ማጠራቀሚያው ነው። ክዳኑ የተሰበረ ወይም ጨርሶ የሌለው ሮቶ ለአቧራ፣ ለወፍ ኩስ፣ ለአይጥና ለነፍሳት ክፍት ነው። ውሃው በቆየ ቁጥር በውስጡ ያለው ክሎሪን እየተነነ ያልቃል፤ ከታች ደለል ይተኛል፤ ግድግዳው ላይ አረንጓዴና የሚያሟልጭ ነገር ይበቅላል።

ሦስተኛው ትንኝ ነው። የደንጊ ትኩሳትንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ረግረግ ውስጥ ሳይሆን በቤታችን ዙሪያ ባለ በርሜል፣ ባልዲና የተጣለ ጎማ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተከስቶባታል። በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝም በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት ትችላለች። በቆላማና ሞቃታማ ከተሞች የምትኖሩ አንባቢያን ያልተከደነ በርሜልና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር የሚጠራቀም ውሃ ለእናንተ የወባ ጉዳይ መሆኑን አትርሱ።

አራተኛው እርጥበት ነው። ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሚያፈስ ውሃ የታችኛውን ጣሪያና ግድግዳ ሲያርስ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ይህ ሻጋታ በተለይ አስምና አለርጂ ላለባቸው ሰዎች፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ሳል፣ የአፍንጫ መታፈንና የትንፋሽ መቆራረጥ ያስከትላል። ግድግዳውን ቀለም መቀባት መፍትሔ አይሆንም፤ ምንጩ ካልደረቀ ሻጋታው በቀለሙ ላይ ተመልሶ ይወጣል። የሚያፈሰው ውሃ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወይም ሶኬት አጠገብ ከሆነ ደግሞ አደጋው የሳል ብቻ አይደለም። የቆጣሪውን ማብሪያ ማጥፊያ ሳታወርዱ አትንኩት።

አምስተኛው የፍሳሽ ጋዝ ነው። ከእጅ መታጠቢያው ሥር እንደ አንገት የታጠፈው ቱቦ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ እንዲይዝ የተሠራው በምክንያት ነው፤ ያች ውሃ ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ሽታና ጋዝ ትዘጋለች። ብዙ ቀን ያልተጠቀማችሁበት መታጠቢያ ወይም የወለል ፍሳሽ ማስወገጃ ሽታ ካመጣ፣ ውሃዋ ደርቃ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሁለት ሊትር ውሃ አፍስሱበት። ሽታው ካልጠፋ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ተዘግቷል ማለት ነው። የፍሳሽ ጉድጓድ ሲሞላ ወይም ሲዘጋ ግን ማንንም ሰው ወደ ውስጥ እንዳታስገቡ። በጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ይጥላል፤ ሊያወጣው የገባውንም አብሮ ያስቀራል። ይህ የፍሳሽ ማንሻ መኪና ሥራ ነው።

ታዲያ ማን ይጠግን?

በከተማችን የተለመደው አሠራር እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለው መስመር የውሃ አቅራቢው ተቋም ኃላፊነት መሆኑ ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ወይም ከቆጣሪው በፊት ቧንቧ ተሰብሮ ካያችሁ የምታሳውቁት ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ነው። ተከራይም ሆናችሁ አከራይ ጥቆማ መስጠት ትችላላችሁ። ከቆጣሪው በኋላ ያለው ግን የደንበኛው ነው። ጭቅጭቁ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ደንበኛ ሆኖ የተመዘገበው አከራይ፣ ውሃውን የሚጠቀመው ደግሞ ተከራይ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቤት ኪራይ ድንጋጌዎች አሉት። ዋናው ሐሳብ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። አከራይ ቤቱን ለታሰበው አገልግሎት በሚመች ሁኔታ ማስረከብና በዚያው ሁኔታ እንዲቆይ ማድረግ አለበት። ተከራይ ደግሞ ቤቱን በጥንቃቄ መያዝና በአያያዝ ጉድለት ያበላሸውን መጠገን ይጠበቅበታል። ዝርዝሩን ግን ሁለቱ ወገኖች በውላቸው መከፋፈል ይችላሉ። እንደ በር፣ መስኮት፣ ወለልና የውሃ መክፈቻ ያሉ ነገሮች ጥቃቅን ጥገና ወደ ተከራይ ሊያደላ ይችላል። በእርጅና ወይም ከሰው ዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣ ብልሽት ግን የተከራይ ጥገና ተደርጎ አይቆጠርም።

ይህን ወደ ዕለት ኑሯችን ስናመጣው፣ ግድግዳ ውስጥና መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ሲያረጅ፣ ሮቶ ሲሰነጠቅ፣ የፍሳሽ መስመሩ ከመጀመሪያው በትክክል ሳይዘረጋ ቀርቶ ሲዘጋ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውሃ ወደ ታች ሲያሳልፍ፣ ጉዳዩ የአከራይ ነው። እነዚህ የቤቱ አካል ናቸው፤ ተከራዩ ሲወጣ ይዟቸው አይሄድም። በሌላ በኩል የቧንቧ መክፈቻ ጎማ ማስቀየር፣ የሻወር ራስን ከቆሻሻ ማጽዳት፣ በመታጠቢያው ላይ ማጥለያ ማድረግ፣ ማጠራቀሚያ ዕቃዎችን ከድኖ መያዝ የተከራይ ነው። የሕፃን ዳይፐር፣ ጨርቅ ወይም የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ በመጣሉ፣ ወይም ዘይትና የምግብ ትርፍራፊ በመታጠቢያው በመደፋቱ መስመሩ ከተዘጋ፣ ለማስከፈቻ የሚወጣውን ወጪ የሚሸፍነው ያደረገው ሰው ነው።

በጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ሦስተኛ ወገን አለ። ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚወርደው የፍሳሽ መስመርና የሕንፃው ዋና የውሃ መስመር የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት ስለሆነ፣ ብልሽቱ ለነዋሪዎች ማኅበር ይቀርባል። ከላይኛው ቤት የሚያፈስስባችሁ ከሆነ በመጀመሪያ ላይኛውን ጎረቤት በመልካም አንደበት አነጋግሩ። ብዙ ጊዜ እሱም ተከራይ ስለሚሆን የእናንተ አከራይና የእሱ አከራይ ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ አድርጉ። ሁለት ተከራዮች ሲጣሉ የሁለቱም ባለቤቶች ሳያውቁት ግድግዳው ይበሰብሳል።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተግባራዊ በሚሆንባቸው ከተሞች የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መደረግና በሚመለከተው አካል መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ አብሮ የሚያኖር ውል ስለ ውሃና ፍሳሽ አንድ መስመር እንኳ ካልጻፈ ግን ለጭቅጭቅ በር ይከፍታል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱን ስታዩ የክፍሉን ስፋት ብቻ አትለኩ። ሁሉንም ቧንቧዎች ክፈቱ፤ መጸዳጃ ቤቱን አውርዱ፤ ከመታጠቢያው ሥር በእጃችሁ ዳብሱ፤ የሮቶውን ክዳን እዩ፤ ጣሪያና ግድግዳው ላይ የውሃ ምልክት ካለ ጠይቁ። ያያችሁትን ጉድለት ሁሉ ፎቶ አንሱ፤ በርክክብ ወረቀት ላይ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

በውሉ ውስጥ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች የሚመልስ አንቀጽ ቢኖር ይመረጣል። የውሃ ሂሳብ የሚከፍለው ማን ነው? ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሂሳቡ እንዴት ይካፈላል? ጥቃቅን ጥገና የሚባለው እስከ ስንት ብር ድረስ ነው? የፍሳሽ ጉድጓድ ሲሞላ የማስመጠጫውን የሚከፍለው ማን ነው? አከራይ ብልሽት ከተነገረው በኋላ በስንት ቀን ውስጥ ያሠራል?

በተለይ የጋራ ቆጣሪ ላይ ትኩረት ስጡ። በአዲስ አበባና በብዙ ከተሞቻችን የውሃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንድ ሜትር ኩብ ዋጋ የሚጨምርበት ነው። አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም እያንዳንዱ ጥቂት ቢጠቀምም ድምሩ ወደ ከፍተኛው ዋጋ ይገባል። በዚህ ላይ ያልተጠገነ ፍሳሽ ሲጨመርበት ድሃው ተከራይ ካልጠጣው ውሃ ላይ ከፍተኛውን ዋጋ ይከፍላል። አከራይ ለየቤቱ ማካፈያ ቆጣሪ ቢያስገባ ጭቅጭቁም ብክነቱም ይቀንሳል፤ ማን ጋ እንደሚፈስስም ወዲያው ይታወቃል።

ብልሽት ሲያጋጥማችሁ

በመጀመሪያ ውሃውን የሚዘጋው ቫልቭ የት እንዳለ እወቁ። በቤቱ ውስጥ ያሉ ሁሉ፣ የቤት ሠራተኛዋንም ጨምሮ፣ እንዴት እንደሚዘጋ ይማሩ። በሌሊት የፈነዳ ቧንቧ ቤት የሚያጥለቀልቀው አብዛኛውን ጊዜ ቫልቩን የሚያውቅ ሰው በመጥፋቱ ነው።

ቀጥሎ ለአከራያችሁ በዚያው ቀን አሳውቁ። ስልክ ደውሉ፤ ከዚያ ፎቶ አያይዛችሁ አጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩ። «ዛሬ በዚህ ቀን የመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ማፍሰስ ጀምሯል፤ ልጆች ስላሉን ቶሎ ቢታይልን» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ይህ እሳቸውን ለመክሰስ ሳይሆን ነገ «አልነገራችሁኝም» የሚል ቃል እንዳይመጣ ነው። ብልሽቱን አይታችሁ ዝም ካላችሁና ጉዳቱ ከሰፋ፣ በከፊል ተጠያቂ ልትሆኑ እንደምትችሉም አስታውሱ።

ጉዳዩ አስቸኳይ ሆኖ አከራዩ ካልተገኘ፣ ጉዳቱን ለማቆም የሚበቃውን ያህል ብቻ አሠሩ፤ የተቀየረውን ዕቃ አትጣሉ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። ወጪው ከኪራይ ላይ እንዲታሰብ ከፈለጋችሁ በቅድሚያ የአከራዩን ስምምነት በጽሑፍ አግኙ። በራሳችሁ ውሳኔ ኪራይ ማስቀረት ውል አፍርሳችኋል ሊያስብላችሁ ይችላል። ተነጋግራችሁ ካልተግባባችሁ የአካባቢ ሽማግሌ፣ የነዋሪዎች ማኅበር፣ ከዚያም ውላችሁ የተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት አለ፤ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነው።

አከራዮችም ስሙን። «ኪራይ እስከ መጣ ድረስ» ብሎ ማለፍ ለእናንተም አያዋጣም። ቀስ ብሎ የሚያፈስ ቧንቧ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ዛሬ በጥቂት መቶ ብር የሚጠገነው ነገ መሠረት ያሰምጣል፤ የብረት ፌሮ ያዝጋል፤ ግድግዳ ያስፈርሳል። የምታከራዩት ቤት ውስጥ የሚያድጉት ልጆች ጤናም በከፊል በእጃችሁ ነው።

ሮቶ እንዴት ይጸዳል?

ሮቶን ቢያንስ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ማጽዳት ይመከራል። የማጽዳቱን ሥራ ማን እንደሚያከናውን ከአከራያችሁ ጋር ተነጋገሩ። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሰው መሰላሉን የሚይዝለት ሰው ይኑረው፤ ትልቅ ሮቶ ከሆነ ውስጥ አይግባ፤ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ከላይ ይፈትገው።

በመጀመሪያ የሚገባውን ውሃ ዝጉ፤ የቀረውን አስወጡ። ደለሉን ጥረጉ፤ ግድግዳውን በሳሙናና በብሩሽ ፈትጋችሁ አለቅልቁ። ከዚያም ሮቶውን በንጹሕ ውሃ ሙሉና በረኪና ጨምሩበት። ክሎሪኑ 5 በመቶ የሆነ፣ ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና ከሆነ ለ1 ሺህ ሊትር ውሃ 1 ሊትር ይበቃል። የቤት ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፍታችሁ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ጠብቁና ዝጉ፤ መስመሩም እንዲታከም ነው። ለ24 ሰዓት አቆዩት። በዚህ ጊዜ ውሃውን ማንም እንዳይጠጣው፣ ለምግብም እንዳይጠቀምበት ለቤተሰቡ ሁሉ ተናገሩ፤ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ አስቀድማችሁ ያዙ። በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ አስወጥታችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁትና ሙሉት። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ቧንቧው እስኪጠገን ወይም ሮቶው እስኪጸዳ ድረስ የመጠጥ ውሃችሁን አፍሉ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባነሰ ሙቀት ነው። ስለዚህ እንደ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃንና ጎንደር ባሉ ከተሞች ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል፤ በዝቅተኛ ቦታዎች አንድ ደቂቃ ይበቃል። እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ የምትጠቀሙ ከሆነ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን ተከተሉ፤ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ሳይሞላው አትጠጡት። ውሃው ከደፈረሰ አስቀድማችሁ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። የመጠጥ ውሃ ጠባብ አፍ ባለውና በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ኩባያ ከውስጥ አትንከሩ። ለሌላ ሥራ የምትይዙትን በርሜልና ባልዲ ደግሞ በየሳምንቱ ገልብጣችሁ ግድግዳውን ፈትጉት፤ የትንኝ እንቁላል በጠርዙ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና።

ውሃ ቁጠባ፦ ማን ያውጣ? ማን ይጠቀም?

አንድ ቧንቧ በሰከንድ አንድ ጠብታ ብቻ ቢያንጠባጥብ በቀን 20 ሊትር ገደማ ያፈስሳል። ይህም በቀን አንድ ጀሪካን፣ በወር 30 ጀሪካን ማለት ነው። የመጸዳጃ ቤት ማጠራቀሚያ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ሊያባክን ይችላል። ይህን ለማወቅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጠቆር ያለ የሻይ ውሃ ጨምሩና ሳታወርዱ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው አይገጥምም። የመሬት ውስጥ ፍሳሽ ለማወቅ ደግሞ ውሃ ባለበት ቀን፣ ሮቶው ከሞላ በኋላ፣ ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግታችሁ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና እዩት። ቁጥሩ ከተለወጠ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ከጥገናው ባሻገር ውሃ ቆጣቢ ዕቃዎች አሉ። አየር እየቀላቀለ የሚያፈስስ የቧንቧ ጫፍ ማጥለያ ፍሰቱን ሲቀንስ እጅ ለመታጠብ አያሳንስም። በደቂቃ 15 ሊትር የሚያፈሰውን ሻወር በደቂቃ 9 ሊትር ወይም ከዚያ በታች በሚያፈስስ መቀየር ይቻላል። የሻወራችሁን ፍሰት ለማወቅ 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ሥሩ አስቀምጡና እስኪሞላ ያለውን ጊዜ ቁጠሩ። የመጸዳጃ ቤት ማጠራቀሚያን ብናይ፣ በአንድ ጊዜ 9 ሊትር የሚያወርደውን 3 እና 6 ሊትር የሚያወርድ ባለሁለት ቁልፍ በሆነው ብንተካው ልዩነቱ ትልቅ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በቀን 25 ጊዜ ቢያወርድ በድሮው 225 ሊትር ያስፈልገዋል። በአዲሱ 20 ጊዜ ትንሹን፣ 5 ጊዜ ትልቁን ቢጫን 90 ሊትር ይበቃዋል። የተረፈው 135 ሊትር ወደ ሰባት ጀሪካን ይጠጋል። መቀየር ካልቻላችሁ ውሃ የሞላ የአንድ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ማጠራቀሚያው ውስጥ በማስቀመጥ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሊትር ማትረፍ ትችላላችሁ። ጡብ አታስገቡ፤ እየተፈረፈረ ጎማውን ያበላሻል።

ችግሩ ያለው ወጪው ላይ ነው። አከራይ «ሂሳቡን የሚከፍለው ተከራይ ነው፤ እኔ ምን አገኛለሁ?» ይላል። ተከራይ ደግሞ «ነገ ለምወጣበት ቤት ለምን አወጣለሁ?» ይላል። ሁለቱም ከራሳቸው አንጻር እውነት አላቸው። መፍትሔው በመነጋገር ወጪውን መከፋፈል ነው። ቤቱ ላይ ተተክሎ የሚቀረውን፣ ማለትም የመጸዳጃ ቤት ማጠራቀሚያን፣ ሮቶንና ማካፈያ ቆጣሪን አከራይ ይግዛ፤ ተከራይ የእጅ ዋጋውን ቢችል ፍትሐዊ ነው። እንደ ሻወር ራስና የቧንቧ ማጥለያ ያለውን፣ ተፈቶ የሚሄደውን፣ ተከራይ ይግዛ። የድሮውን ዕቃ አስቀምጦ ሲወጣ መልሶ ገጥሞ የራሱን ይዞ ይሂድ። ተከራይ ትልቁን ዕቃ በራሱ ገንዘብ ካስገባ ደግሞ ወጪው ከስንት ወር ኪራይ ላይ እንደሚቀነስ በጽሑፍ ይስማሙ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግድግዳ መብሳትና መስመር መቀየር ግን አይገባም።

ቁጠባ ስንል ግን ንጽሕናን መቀነስ ማለታችን አይደለም። ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምግብ ከማዘጋጀትና ሕፃን ከማጉረስ በፊት እጅን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ የማይነካ ነው፤ እየተፋተጋችሁ ሳለ ቧንቧውን መዝጋት ይበቃል። ልብስ ያለቀለቃችሁበትን ውሃ ለመጸዳጃ ቤት ማውረጃና ለወለል ማጠቢያ ተጠቀሙበት። የሕፃን ሽንት ጨርቅ ወይም የታመመ ሰው ልብስ የታጠበበትን ግን ለሌላ ሥራ አታውሉት፤ በቀጥታ መጸዳጃ ቤት ድፉት።

ቤተሰብ ውስጥ ተቅማጥ ከገባ

ከአንድ ግቢ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በተቀራራቢ ጊዜ ተቅማጥ ከያዛቸው ውሃውን ጠርጥሩ፤ ለጤና ጣቢያው ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ንገሩ። ለታመመው ልጅ ከፋርማሲ ወይም ከጤና ጣቢያ የሚገኘውን ኦ.አር.ኤስ. በፈላና በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ ስጡት። ኦ.አር.ኤስ. ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልክ እስከ አፉ ተስተካክሎ፣ ይበጠበጣል። የሚጠባ ልጅ ጡት አይከልከል። ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመ ወይም ሰመመን ውስጥ ከገባ፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ የሚወጣው ሁሉ የሩዝ ውሃ ከመሰለ አንድ ሰዓት እንኳ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በራሳችሁ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ገዝታችሁ አትስጡ።

ወደ ጀመርንበት ግቢ እንመለስ። ቧንቧው በአዲስ ፕላስቲክ ተተክቶ ከመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ርቆ በሌላ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። አከራይዋ ዕቃውን ገዙ፤ ተከራዮቹ የቁፋሮውን ተከፋፈሉ። ልጁ ዳነ፤ የሚቀጥለው ወር የውሃ ሂሳብም ወረደ። በግቢው በር ጀርባ ላይ አሁን አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሮቶው የሚጸዳበት ቀን፣ የቫልቩ ቦታና ብልሽት ሲኖር የሚደወልለት ሰው ስም ተጽፎበታል።

እናንተስ? ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ አንድ ጊዜ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ነገ ሳይሆን አሁኑኑ ስልካችሁን አንሱ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና።